ባሌ ከልብ ህመሙ ወዲህ ዝም ብሏል፤ የኮሌስትሮል መድሃኒቱ ይሆን?

ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

መጀመሪያ ደብዳቤሽን ላላዩት ባጭሩ ልንገራቸውና ወደ አንቺ እመለሳለሁ። ባልሽ 52 ዓመቱ ነው፣ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ሱቅ አለው፣ የዛሬ 8 ወር እዛው ሱቁ ውስጥ እያለ ደረቱን ጨምድዶ ያዘውና አዲስ አበባ ወስዳችሁት የልቡ ደም ስር ውስጥ ስቴንት፣ ማለትም ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ፣ ገባለት። መድሃኒቶቹን ይዞ ድሬ ተመለሰ፣ ሀኪሙም ደህና ነህ ሥራህን ጀምር አለው፣ እሱ ግን ሱቁን ለታናሽ ወንድሙ ትቶ ቤት ነው የሚውለው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ ቁጭ ይላል፣ ምግብ አይጥመውም፣ ልጆቹ ሲንጫጩ ይጮህባቸዋል ከዛ ደግሞ ለምን ጮህኩባቸው ብሎ ያለቅሳል። ወንድሙ "ይሄ የኮሌስትሮል ኪኒን ነው፣ አንጎል እኮ ቅባት ነው፣ ቅባቱን ሲያጥቡት ሰው ይደብተዋል" ብሎት ከ2 ወር በፊት ኪኒኑን፣ አቶርቫስታቲን የሚባለውን፣ አቆመ። እናቱ ዱዓ ይደረግለት ይላሉ። ከህመሙ በኋላ ትቶት የነበረው ጫትም ተመልሷል። አንቺ የጠየቅሽኝ፣ እውነት መድሃኒቱ ነው ወይ፣ ደሞስ ይሄ ድብርት ልቡን ይጎዳዋል ወይስ ጊዜ ሲሄድ ይለቀዋል ነው።

መልሱን ቀድሜ ልንገርሽ። መድሃኒቱ አይመስለኝም። ድብርቱ ግን ልቡን ይጎዳዋል፣ ዝም ብሎም አይለቅም፣ እና ከልቡ ህመም ለይታችሁ እንደ ጸባይ ወይ እንደ ኩርፊያ ማየቱን ትታችሁ እንደ ህመሙ ግማሽ አድርጋችሁ አሳክሙት።

መድሃኒቱ አይመስለኝም ያልኩት ከራስሽ ደብዳቤ ተነስቼ ነው። "ገና ሆስፒታል እያለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚተኛው፣ ጠያቂ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል" ብለሽ ጽፈሻል። ያኔ ኪኒኑን ገና መጀመሩ ነበር። ሌላው ደግሞ፣ ካቆመ 2 ወር ሆነው አይደል፣ ተሻለው ወይ? አልተሻለውም፣ እንደውም ብሶበታል ነው ያልሽው። መድሃኒቱ ቢሆን ኖሮ አቶርቫስታቲን ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ነው የሚፈጅበት፣ በ2 ወር ውስጥ የሆነ ለውጥ ታዪ ነበር። የተለወጠው ደሙ ብቻ ነው። የላክሽልኝን ሪዘልት አየሁት፣ መድሃኒቱን እየወሰደ መጥፎው የሚባለው ኮሌስትሮል ኤልዲኤሉ 71 ነበር፣ አሁን 148 ገብቷል፣ ሌላኛው የደም ቅባት ትራይግሊሰራይዱ 260፣ ጥሩው የሚባለው ኤችዲኤል 34። ስቴንት ያለው ሰው ኤልዲኤሉ ከ70 በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው፣ አውሮፓ ያሉት ሀኪሞች እንደውም ከ55 በታች ይላሉ። 148 ለጤነኛ ሰውም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ ለሱ ደሞ በጣም።

ወንድሙ ያለው ነገር ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ መነሻ አለው፣ እና እሱን ሳላስረዳሽ ኪኒኑን ይቀጥል ብቻ ብልሽ ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ይነግራችሁና ተመልሳችሁ እዛው ነው የምትገቡት። በፈረንጆቹ 1990 አካባቢ፣ ኮሌስትሮል የመቀነስ የድሮ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ያዩ ተመራማሪዎች አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አገኙ፣ ኮሌስትሮላቸው የቀነሰላቸው ሰዎች በልብ የሚሞቱት ሲቀንሱ በአደጋ፣ በጠብና ራሳቸውን በማጥፋት የሞቱት ግን በዛ ያሉ መሰለ። ዓለም ሁሉ ደነገጠ። እነዛ ጥናቶች ግን ከስታቲን (የባልሽ አቶርቫስታቲን ከነዚህ አንዱ ነው) በፊት የነበሩ መድሃኒቶችና የአመጋገብ ለውጦች ላይ የተሠሩ ነበሩ፣ በዚህ መንገድ የሞቱት ሰዎች ቁጥርም ትንሽ ነው፣ ትንሽ ቁጥር ደግሞ በአጋጣሚ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከዛ በ1994 ስካንዲኔቪያ ውስጥ የልብ ህመም ያለባቸው 4,444 ሰዎች ላይ ሲምቫስታቲን ተሞከረ፣ ከ5 ዓመት በላይ ተከታትለዋቸው በጠቅላላው የሞት ዕድል በ30 ፐርሰንት ቀነሰ፣ ራስን ማጥፋትም ሆነ በጠብ መሞት አልጨመረም። ከዛ በኋላ የመጡት ትላልቆቹ የስታቲን ጥናቶችም የፈሩትን ነገር አላገኙም። ኮሌስትሮል ዝቅ ያለባቸው ሰዎች ላይ ድብርት የሚታይበትም ጊዜ አለ፣ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ድብርት የያዘው ሰው አይበላም፣ ይከሳል፣ ሲከሳ ኮሌስትሮሉም ይወርዳል።

"አንጎል ቅባት ነው" የሚለው ደግሞ እውነት ነው፣ ከሰውነታችን ኮሌስትሮል ከአምስት አንዱ ገደማ ያለው አንጎል ውስጥ ነው። ግን አንጎል የሚፈልገውን ኮሌስትሮል እዛው ራሱ ይሠራል እንጂ ከደም አይወስድም፣ በደምና በአንጎል መሀል ያለው አጥር ኤልዲኤልን አያሳልፍም። እና የደሙ ኤልዲኤል 71 ስለሆነ አንጎሉ ተራበ ማለት አይደለም። ይሄንን ለወንድሙ እንዲህ አድርገሽ ንገሪው፣ በቁጣ ሳይሆን፣ ምክንያቱም ሰውየው ለወንድሙ ብሎ ነው የተናገረው።

አንዳንድ ሰው ላይ ስታቲን ጡንቻ ያማል፣ ይሄ ያለ ነው። ጥቂት ሰዎች ደሞ እንቅልፌን ነሳኝ ይላሉ። ባልሽ እንደዛ የሚል ከሆነ ለሀኪሙ ይናገር፣ መጠኑ ይቀነሳል ወይ በሌላ ስታቲን ይቀየራል። የልብ ምቱን የሚያረጋጋለት ሌላኛው መድሃኒት ማለትም ቤታ ብሎከሩም እንቅልፍ ሊያውክና መጥፎ ህልም ሊያመጣ ይችላል፣ ድብርት ያመጣል የሚባለው ግን በጥናት አልተደገፈም። የትኛውንም ቢሆን ቤት ተቀምጦ በራስ ማቆም የለም። ከሁሉም በላይ ደም እንዳይረጋ የሚወስዳቸውን አስፕሪኑንና ክሎፒዶግሬሉን! ደብዳቤሽ ላይ "መድሃኒቱን አቆመ" ስትይ ስታቲኑን ብቻ ይሁን ሁሉንም አልለየሽልኝም፣ ዛሬውኑ ሳጥኑን ከፍተሽ እይ። ስቴንት ከገባ ገና 8 ወሩ ነው፣ እነዚህን ሁለቱን በራሱ ጊዜ ካቆመ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋና ልቡ በድንገት ሊዘጋ ይችላል። አቁሞ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ነገ ጠዋት ሀኪም ጋ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ምክንያቱም ኮሌስትሮሉ ላይ እንደዚህ ስንነጋገር ሰውየው እዛ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ከልብ ድካም... ይቅርታ እኛ ሁሉንም "ልብ ድካም" እንላለን፣ የሱ የልብ ደም ስር ድንገት መዘጋት ነው፣ ከዚህ ህመም የተረፉ ሰዎች ውስጥ ከአምስት አንዱ ገደማ ከባድ ድብርት ይይዘዋል። ስለዚህ ባልሽ ደካማ ስለሆነ ወይ እምነቱ ስለጎደለ አይደለም፣ ይሄንን ደጋግመሽ ንገሪው። በ1993 ሞንትሪያል ውስጥ 222 ሰዎችን ከሆስፒታል ሲወጡ ጀምሮ 6 ወር ተከታትለው ድብርት የያዛቸው ከሌሎቹ ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ወደ አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከዛ ወዲህ የመጡ ብዙ ጥናቶች ሲደመሩ ቁጥሩን ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ አውርደውታል፣ ቢሆንም ሁለት እጥፍ ቀላል አይደለም፣ የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2014 ድብርትን እንደ ሲጋራና እንደ ስኳር ሁሉ አደጋ ከሚጨምሩት ተርታ ይቆጠር ብሎ ነበር።

እንዴት ነው ሀዘን ልብ የሚጎዳው ትይኛለሽ። አንደኛው መንገድ በሰውነት ውስጥ ነው። ድብርት ላይ ያለ ሰው ሰውነቱ ቀን ከሌት እንደተደናገጠ ነው፣ አድሬናሊንና ኮርቲሶል አይረጋለትም፣ ደሙ በቀላሉ ይረጋል፣ የደም ስሩ ግድግዳ ይቆጣል፣ ቅባት ሆድ አካባቢ ይከማቻል፣ ትራይግሊሰራይድ ይወጣል ኤችዲኤል ይወርዳል። የባልሽን ወረቀት እዪው፣ 260 እና 34፣ ድብርት ያለባቸው ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ይሄ ዓይነቱ ነው። ነገሩ በሁለቱም አቅጣጫ ሳይሄድ አይቀርም፣ እንግሊዝ አገር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ዘረመል ያዩ ተመራማሪዎች ትራይግሊሰራይድና የሰውነት መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) ራሳቸው ለድብርት መነሻ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለዋል። ሁለተኛው መንገድ ግን ቤትሽ ውስጥ ዓይንሽ እያየ ያለው ነው፣ ሰውየው ኪኒኑን ጣለው፣ አይራመድም፣ አይተኛም፣ ጫትና ሲጋራ ተመለሱ። "ምን ያደርግልኛል" ያለው ሰው መድሃኒት አይውጥም። እኔ እዚህ ሐረር ያየኋቸው ተመላላሾች አብዛኞቹ ተመልሰው የሚገቡት በዚህ በኩል ነው፣ መድሃኒቱ አልሠራ ብሎ ሳይሆን የሚውጠው ሰው ውስጡ ጠፍቶ።

እና ምን ይደረግ?

ድል ጮራ የሳይካትሪ ክፍል አለ፣ ሰው ያየኛል ብሎ ካፈረ ደሞ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ህይወት ፋና ወይ ጁገል መምጣት ይችላል። "እብድ አይደለሁም" ይልሻል፣ የታወቀ ነው። አንቺ ሳይካትሪ የሚለውን ቃል አታንሺበት፣ "ለልብህ ነው፣ እንቅልፍህ ካልተስተካከለ ልብህ አያርፍም" በይው፣ ውሸት አይደለም። እዛ ስትደርሱ ደግሞ ዝም ስለሚል አንቺ ተናገሪ፦ ላለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ ይሉት የነበሩ ነገሮች ሁሉ ጠፍተውበታል ወይ፣ አብዛኛውን ቀን ሀዘንና ተስፋ መቁረጥ ይሰማዋል ወይ። ሀኪም የሚጀምረው ከነዚህ ሁለቱ ነው፣ አንዱ እንኳን አዎ ከሆነ ወደ ዝርዝሩ ይገባል።

የታይሮይድ ምርመራም ይሠራለት፣ ቲኤስኤች የሚባለው። ታይሮይድ ሲደክም ሰው ይደብተዋል፣ ይዝላል፣ ኤልዲኤሉም ይወጣል፣ ሁለቱንም ችግር ያመጣው አንድ እጢ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ ታይሮይድ ከሆነ ደሞ መድሃኒቱ ቀላል ነው። የስኳር ምርመራም እንደዛው።

መድሃኒት ሲታዘዝ ስቴንት እንዳለው፣ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል እንደሚወስድ ከአፍሽ አይውደቅ። ሰርትራሊን የሚባለው የድብርት መድሃኒት የልብ ህመምተኞች ላይ በደንብ ተሞክሮ ደህንነቱ የታየ ነው፣ ሆኖም እሱም ሆነ የሱ ዓይነት መድሃኒቶች ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲሆኑ የመድማት ዕድል ትንሽ ይጨምራሉ፣ ሰገራው ከጠቆረ ወይ ድዱ እየደማ ካስቸገረ ቶሎ መሄድ ነው። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የድሮ የድብርት መድሃኒት ግን ለባልሽ አይሆንም፣ የልብ ምት ሊያዛባበት ይችላል። ይሄን የምለው ይሄ መድሃኒት በየቦታው ስላለ ነው፣ ሰፈር ውስጥ አንዱ "ለእንቅልፍ እኔ የምወስዳት አለች" ብሎ ሁለት ፍሬ ቢሰጠውስ። የትኛውም የድብርት መድሃኒት ቢሆን ለመሥራት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል፣ በሳምንቱ አልሠራም ብላችሁ እንዳትጥሉት። የምክክር ሕክምናም ካገኛችሁ በጣም ጥሩ።

እውነቱን ለመናገር ድብርትን ማከም ከልብ ህመም በኋላ ዕድሜ ያስረዝማል ወይ ተብሎ 2,500 ገደማ ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2003 ውጤቱ ሲወጣ፣ ስሜታቸው ተሻለ፣ ሞቱ ግን አልቀነሰም። ይሄን የምነግርሽ ተስፋ እንድትቆርጪ አይደለም። ሰውየው ልጆቹን እያየ ደስ ብሎት ቢኖር፣ ያ ብቻውን ለምን አይበቃም? ዕድሜውን የሚያስረዝምለት ስታቲኑ አለ፣ ኤልዲኤል በ40 ገደማ ሲወርድ ዳግመኛ የመመታት ዕድል በአምስት አንድ እጅ ይቀንሳል፣ እና ስሜቱ ሲስተካከል ነው ያንን ኪኒን ሳያቋርጥ የሚውጠው። አቶርቫስታቲን ጠዋትም ማታም መውሰድ ይቻላል፣ ማታ የሚረሳ ከሆነ ጠዋት ከሌሎቹ ጋር ይዋጠው።

የጫቱን ነገር እንዴት እንደምለው አሰብኩበት፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ጫት ቅጠል ብቻ አይደለም፣ ጓደኛ ነው፣ ወሬ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ወንዶች የሚገናኙበት ቦታ ነው፣ አቁም ስትይው ከሰው ተለይ እንዳልሽው ነው የሚሰማው። ግን ልቡ ላይ የሚሠራውን ማወቅ አለበት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትና ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ የልብን ደም ስር ሊያኮማትር ይችላል። ባህረ ሰላጤው አካባቢ ባሉ አገሮች፣ የመንን ጨምሮ፣ ከ7,000 በላይ የልብ ህመምተኞች ታይተው በ2011 በወጣው ጥናት የሚቅሙት ከማይቅሙት በላይ ሞተዋል። ስሜቱንም እዪው፣ ምርቃናው እያለ ዓለም የሱ ናት፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ሲነጋ ደሞ ያ ድብት፣ ከዛ ያንን ለመግፋት ኢጃበና፣ ማለትም የጠዋት ጫት። ሌሊት 9 ሰዓት ቁጭ የሚለው ግማሹ የበርጫው ሂሳብ ሊሆን ይችላል። ከበርጫው ጋር የሚጠጣው ስኳር የበዛ ሻይና ለስላሳም ትራይግሊሰራይዱን ነው የሚያወጣው። እና እንዲተው ነው ምክሬ፣ ሙሉ በሙሉ። ሲያቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብርቱ ሊብስ ይችላል፣ እንቅልፍ ይበዛል፣ ዱካክ ይመጣል፣ ያኔ "ይኸው መተዉ ነው የገደለው" እንዳትሉ፣ ያልፋል። ጓደኞቹን ግን አታርቂያቸው። አንድ ሁለቱን በግል አነጋግሪያቸው፣ ጠዋት ፉል ቤት ይዘውት ይሂዱ፣ ወይ ሱቅ ድረስ አብረውት ይራመዱ፣ የሚቅሙበት ቦታ ግን አይጥሩት። ድሬዎች ደግ ናቸው፣ ሲነገራቸው ይገባቸዋል።

መራመዱ ለጤና ብቻ ተብሎ አይደለም። የልብ ህመምና ድብርት አንድ ላይ ያለባቸው 101 ሰዎች ላይ በ2012 በወጣ ጥናት ስፖርት ከሰርትራሊን የማይተናነስ ሆኖ ነው የተገኘው። የድሬ ፀሐይ ከበድ ያለች ስለሆነች ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከዚራ ዛፎቹ ሥር፣ መጀመሪያ 10 ደቂቃ፣ ከዛ እየጨመረ እስከ ግማሽ ሰዓት። አብረሽው ሂጂ። ብዙ ወንዶች ከዚህ ህመም በኋላ ስራመድ ይነሳብኝ ይሆን፣ ከሚስቴ ጋር ስተኛ ልሞት ይሆን ብለው ይፈራሉ፣ አያወሩትም፣ ያንን ፍርሃት ነው ብዙ ጊዜ ኩርፊያ የምንለው። ሀኪሙን በግልጽ ጠይቁት፣ ሁለት ፎቅ ደረጃ ደረቱን ሳያመው ከወጣ ለአብዛኛው ሰው መልሱ ችግር የለም ነው።

ምግቡ ላይ ብዙ አልልም። የሚረጋውን ፓልም ዘይት ከቤትሽ አውጪ፣ ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤል የሚያወጣው ዓይነት ቅባት ነው፣ የሱፍ ወይ የኑግ ዘይት ተጠቀሚ። ሳምቡሳና ባጂያው አልፎ አልፎ ይሁን። ባቄላ፣ ምስር፣ እና ጨው ያልበዛበት የባቢሌ ለውዝ እፍኝ ያህል ቢበላ ጥሩ ነው።

አንድ ከባድ ነገር አለ። "እኔ ብሞት ይሻላችሁ ነበር" ብሎኝ ያውቃል ብለሽ በመሀል ጽፈሽ አልፈሽዋል። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ በይና በቀጥታ ጠይቂው፣ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ወይ ብለሽ። መጠየቅ ሀሳቡን አይጨምርበትም፣ ብዙ ሰው እንደውም የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ይቀለዋል። አዎ ካለ፣ ወይ እንዴት እንደሚያደርገው ካሰበ፣ ብቻውን እንዳትተዪው፣ መድሃኒቶቹን ከእጁ አርቂ፣ በዛው ሌሊት ሆስፒታል ውሰጂው።

እናቱ ዱዓ ይደረግለት ያሉት ይደረግ፣ ለምን አይደረግም። ሽማግሌው ወይ ሸኹ ቤት መጥተው "መድሃኒትህን ዋጥ" ብለው በአፋቸው ቢሉት ከኔም ከሀኪሙም በላይ ይሰማቸዋል። እናትየውን ይሄንን ለምኛቸው።

አንቺም እህቴ፣ 8 ወር ሙሉ አንድ ቀን አልተኛሁም ብለሻል። እህትሽ ገንደ ቆሬ ናት አይደል፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት እሷ ትምጣና አንቺ ተኚ። የሚያስታምም ሰውም ይደብተዋል፣ ባልሽ ሲመረመር ያንቺም ግፊት ይለካ።

ሌላው ወንድምየው ነው። ባልሽ የታመመው ከ55 ዓመቱ በፊት ስለሆነ እህት ወንድሞቹና አድገው ከሆነ ልጆቻችሁም የደም ቅባታቸውን መመርመር አለባቸው፣ በቤተሰብ የሚተላለፍ ሊሆን ይችላል። ወንድሙ 46 ዓመቱ ነው፣ ይቅማል፣ ያጨሳል፣ ሱቅ ውስጥ ሲቀመጥ ይውላል ብለሻል። ባልሽን ሊፒድ ፕሮፋይል ሊሠራ ስትወስጂው እሱንም ይዘሽው ሂጂ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ይቀዱ። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱንም ወረቀት ላኪልኝ፣ እመልስልሻለሁ።